ስለ ትንሿ ባቡር አጠጋገን
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል ስለ ባቡር እንድንናገር በተፈቀደልን ጊዜ፣ ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ ስለ እህል ወፍጮ የምንናገር ሳይመስላቸው አልቀረም። አይፈረድባቸውም። በእኛ አገር አህያውን ጭኖ «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» የሚል ሰው ጤፉን ሊያስፈጭ መሄዱ ነው እንጂ ወደ ድሬዳዋ መሳፈሩ አይደለም። ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ሲሆን ሥሩ እንፋሎት ማለት ነው። መጀመሪያ በእንፋሎት ኀይል የሚንቀሳቀሰው ባቡር ተባለ፤ በኋላም በናፍጣና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ስሙን ወረሰ። የወንዛዬን ፍል ውኃ የሚያውቅ ሰው ሙቅ ውኃ ለታመመ ጉልበት እንደሚበጅ ያውቃል። ያው ውኃ በብረት ጋን ውስጥ ፈልቶ መውጫ ባጣ ጊዜ ግን ስንትና ስንት ፉርጎ የሚጎትት ኀይል እንደሚሆን ለማመን ማየት ያስፈልገዋል። እኛም ብንሆን አላየንም። ይህን ንግግር ካዘጋጀነው ከአራታችን መካከል በእውነተኛ ባቡር የተሳፈረ አንድም ሰው የለም።

ይሁን እንጂ አንዲት ባቡር ፈትተን ገጥመናል። የምንናገረውም ስለ እርስዋ ነው።

ባቡራችን በሁለት መዳፍ የምትያዝ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ የጨዋታ ባቡር ናት። ጨዋታ ስንል ግን በአውሮፓና በአሜሪካ አገር ይህ ነገር የሕፃናት ብቻ አይደለም። በጀርመን አገር ሜርክሊን የተባለው ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. የሐዲዱ ስፋት በቁጥር የተወሰነ የጨዋታ ባቡር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቤተ ሰብ በየዓመቱ ሐዲድና ፉርጎ እየጨመረ ባቡሩን ማሳደግ ቻለ። በእንግሊዝ አገርም ፍራንክ ሆርንቢ በዚሁ አቆጣጠር በ1920 ዓ.ም. እንደ ሰዓት እየተጠመዘዘ የሚሄድ ባቡር አወጣ። በዚያ አገር ሽበት ያላቸው ሰዎች በቤታቸው ተቀምጠው ከመርፌ የሚያንስ ብሎን ይፈታሉ፤ ይገጥማሉ፤ በዚህም አያፍሩም። የእኛ አባቶች ይህን ሲሰሙ ይሥቁ ይሆናል።

ከልኮቹ ሁሉ የተለመደው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ87 ብናካፍለው 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይመጣል፤ የእኛይቱም ሐዲድ ልክ ይኸው ነው። የቀድሞው ምድር ባቡር ሐዲድ ግን 1 ሜትር ብቻ ስለ ነበረ በዚሁ ልክ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ባቡራችንን የአሮጌው ምድር ባቡር ምሳሌ ለማድረግ አስቦ የነበረው ጓደኛችን ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ ባየ ጊዜ ሐሳቡን ትቷል።

ባቡሯ ወደ እኛ የመጣችው በካርቶን ውስጥ ነው። የአንዱ ጓደኛችን አጎት ከሚኖሩበት ከጀርመን አገር ለዕረፍት ሲመጡ፣ የማትሄድ አንዲት ባቡር፣ ስድስት ፉርጎና ጥቂት የጎበጠ ሐዲድ ይዘውለት መጡ። የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያዋ አብሮ አልነበረም። «ሞታለች፤ ሕፃናቱ ይጎትቷት» አሉ። እኛ ግን በገመድ የሚጎተት ባቡር ከአንድ እግር ጫማ የሚሻል መስሎ አልታየንም።

ሥራው የተሠራው በጓደኛችን ቤት፣ እናቱ የስፌት መኪናቸውን በሚያኖሩበት ክፍል ውስጥ ነው። የተለየ መሣሪያ አልነበረንም። ከገበያ ዳር ከተቀመጡት ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ሄደን «ጋሼ፣ ይህን ብሎን የሚፈታ ካቻቢቴ ያውሱን» ብንላቸው፣ ባቡሯን አገላብጠው አዩና «እዚሁ ፍቱት፤ መሣሪያዬ ከእኔ ተለይቶ አያድርም» አሉን። ብሎኖቹን በወረቀት ላይ በተራ እያስቀመጥን፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ የወጣበትን ቦታ እንድንጽፍ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። ትንሽ ምክር ይመስላል። ነገር ግን የተፈታ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ተበታትኖ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ኤሌክትሪኩ ሌላ ጣጣ ነበር። እንዲህ ያለችው ባቡር የምትፈልገው 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ የባጃጅ ባትሪም 12 ቮልት ነው። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ሥራችን አልቆመም። ባትሪ ግን ሁለቱ ሽቦዎቹ በተነካኩ ጊዜ እሳት ስለሚያመጣ፣ በመንገዱ ላይ የመኪና ፍሬን አምፖል አስገባንበት። ሐዲዱ ላይ ብረት ወድቆ መስመሩን ቢያገናኘው አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል እንጂ ሽቦው አይነድም፤ ከ2 አምፔር የሚበልጥም አያልፍም። ይህን ዘዴ ባትሪ ላላቸው ቤተ ሰቦች ሁሉ እንመክራለን።

አሁን ወደ ሞተሯ እንግባ። በማግኔት መካከል የሚዞር፣ በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ብረት አለ። ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ሽቦ የሚገባው የሩዝ ፍሬ በሚያህሉ ሁለት የካርቦን ቁራጮች በኩል ነው። እነዚህ በስፕሪንግ እየተገፉ በአምስት በተከፈለ የመዳብ ቀለበት ላይ ይሻሻሉ። ቀለበቱ ሲዞር ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ማግኔቱም ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ካርቦኑ እያለቀ ሲሄድ ዱቄቱ በቀለበቱ ክፍተቶች ውስጥ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ሽቦውን ትቶ በአቋራጭ ያልፋል። የእኛይቱ በሽታ ይህ ነበር፤ አንደኛው ካርቦንም ጨርሶ አልቆ ነበር። በዚያም ላይ ከብዙ ዓመት በፊት የተቀባችው ግራሶ እንደ ሰም ደርቆ ጥርሶቹን አጣብቋቸው ነበር።

የቀለበቱን ክፍተቶች በወይራ መፋቂያ ጫፍ ጠረግናቸው፤ መርፌ መዳቡን ይጭረዋል። የደረቀውን ግራሶ በአልኮል አጠብነው። ቤንዚን ፈጥኖ ያጥባል፤ ነገር ግን ፕላስቲክ ይበላልና ማንም እንዳይሞክረው። ካርቦኑን ከተሰበረ ድሪል ላይ አውጥተን፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግን፣ ልኩ እስኪደርስ ድረስ አሳነስነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጀ። የድሪል ካርቦን ጠንከር ያለ ስለ ሆነ መዳቡን ቶሎ ይፈጀዋል ብለው ሰዓት ጠጋኙ አስጠንቅቀውናል፤ ስለዚህ በየወሩ ከፍተን እናየዋለን።

የቀረው ዘይት ነበር። እዚህ ላይ የጓደኛችንን እናት ማንሣት ይገባናል። እርሳቸው ሥራችንን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። አንድ ቀን በራፉ ላይ ቆመው «ልጄ፣ እጅህ የቀጥቃጭ እጅ መሰለ፤ ፈተናህስ?» አሉት። ስለ ፈተናው የተናገሩት ትክክል ነው። ሁላችንም ዘንድሮ ተፈታኞች ነን፤ ባቡሯንም ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀር አንነካትም። ስለ ቀጥቃጭ የተናገሩት ግን ብዙ አነጋግሮናል። እርሻችንን የሚያርሰው ማረሻ፣ ቤታችን የተሠራበት መጥረቢያ የቀጥቃጭ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በደጋው አገራችን ቀጥቃጭ ሲናቅና ቡዳ ሲባል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው እንዳይሰድቡት በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ዐዋጅ አፍን ይዘጋል፤ እናት ለልጅዋ የምትመኘውን ግን ቶሎ አይለውጥም። ከመካከላችን ገና በሕፃንነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን አለን። እዚያ ከንባቡና ከመዝሙሩ ጋር መጋዝና መላጊያ መያዝ ትምህርት ነበር፤ እቤታችን ስንደርስ ግን የምናሳየው ደብተራችንን እንጂ የሠራነውን በርጩማ አልነበረም።

እኒያው እናት ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ የስፌት መኪናቸውን ዘይት አምጥተው በጠረጴዛው ላይ አኖሩና «አትጨርሱት» ብለው ወጡ። አንጨርሰውም፤ የሚያስፈልገው በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ናት። ከዚያ የበዛ ዘይት ወደ ካርቦኑ ሄዶ ሥራውን ያበላሸዋል።

ባቡሯ መጀመሪያ በሄደች ቀን ግማሽ ክብ ያህል ሄዳ ቆመች፤ መንኰራኵሮቿን በአልኮል ከወለወልን በኋላ ክቡን ጨረሰች። ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ይህን ያረጀ ሞተር ጥለን ከተሰበረ ፕሪንተር የወጣ አዲስ ሞተር እንግጠምላት» አለ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ የፕሪንተር ሞተር በርካሽ ይገኛል፤ ጉልበትም አለው። ሌላው ደግሞ «አጎትህ ከጀርመን አዲሱን ይላኩልን» አለ። ሦስተኛው ወገን አሮጌው ይቆይ የሚል ነበር፤ እርሱም ክርክሩን ከጠረጴዛችን አንሥቶ ወደ ጋፋት ወሰደው።

ጋፋት ከዚህ አዳራሽ በእግር የሚደረስበት ስፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩት እዚያ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሠራተኞቹ ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ሌሎችም ከስዊስ አገር ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ ሚሲዮናውያን ነበሩ። የመጡት መድፍ ሊያፈሱ አልነበረም፤ ወንጌል እየሰበኩ የእጅ ሥራ ሊያስተምሩ ነበር። ንጉሡ ባዘዟቸው ጊዜ ሥራውን እየሞከሩ ተማሩት። በጋፋት የአገሩ ልጆች ንባብና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ነበረ። በ1859 ዓ.ም. የፈሰሰው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል እንደሚመዝን ይነገራል።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ሲልኩት፣ ከጠየቁት ባለሙያና ዕቃ መካከል ለብረት ማቅለጫ የምታገለግል አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ነበረች። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ። በእስረኞቹ ነገር ስምምነት ስላልተገኘ ግን ከዚያው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወደ ጋፋት እንድትመጣ የተለመነችው የእንፋሎት ሞተር ሳትመጣ ቀረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ከምጽዋ በስተ ደቡብ በዙላ ሲወርድ ሐዲድ ይዞ መጣ፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ኩማይሌ ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ዘርግቶ ስንቁን በእንፋሎት ባቡር አጓጓዘ። በዚያው ዘመን የደብረ ታቦር መድፍ በሰው ትከሻና በጠፍር እየተጎተተ፣ መንገዱም ከፊቱ እየተጠረገ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ይወጣ ነበር። የእንፋሎት ባቡር ወደዚያ አገር መጀመሪያ የመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። ጦሩ ሲመለስም ሐዲዱን ነቅሎ ሄደ።

የጋፋት ባለሙያዎችም በዚያው ዓመት ከጦሩ ጋር ወጡ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት አቆመ። ከነርሱ ጋር ጭቃ ያቦኩ፣ ከሰል ያከሰሉ፣ ወናፍ የነፉ፣ በትምህርት ቤቱም የተማሩ የአገሩ ልጆች እዚሁ ቀሩ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ከጋፋት ሌላ ሴባስቶፖል አልወጣም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ንጉሡ ሞተዋል፤ አገሩም ታውኳል። ቢሆንም የጓደኛችን ነጥብ ገብቶናል፤ መኪና የሚሆነው የጠገነው ሰው ነው እንጂ የገዛው ሰው አይደለም። ጠጋኙ ሲሄድ መኪናውም አብሮት ይሄዳል፤ ብረቱ ብቻ ይቀራል።

ይህን በድሬዳዋ በኩል ብናየው ተቃራኒውን እናገኛለን። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዪቱም በባቡሩ ምክንያት ተቆረቆረች፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዋናው የጥገና ጋራዥ በድሬዳዋ ስለ ሆነ፣ አባት የያዘውን መዶሻ ልጅ እየተቀበለ፣ የእንፋሎቱ ባቡር በናፍጣው ከተተካ በኋላም ሥራው ቀጠለ። አሮጌ ባቡሮች ከተሠሩበት ዘመን አልፈው ብዙ ዓመት የሄዱት በእነዚያ ሰዎች እጅ ነው። ዛሬ የአሮጌው መስመር ባቡር ከአዲስ አበባ መነሣቱን ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እነዚያ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ለማን እያስተማሩ እንደ ሆነ ማሰብ ለአዲሱም ባቡር የሚጠቅም ይመስለናል።

ስለዚህ አሮጌው ሞተር ይቆይ የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። የፕሪንተሩን ሞተር ያቀረበው ጓደኛችን ግን «አሮጌው ይቆይ ማለት እንዳይሻሻል ማለት አይደለም» ብሎ ተከራክሮ እርሱም በበኩሉ አሸነፈ። ማሻሻያዎቹ አብዛኞቹ የእርሱ ሥራ ናቸው።

የመጀመሪያው መብራቷ ነው። የቀድሞው አምፖል ይሞቅ ስለ ነበረ የፊት ፕላስቲኳን አጉብጦት ነበር። በምትኩ ነጭ ኤል ኢ ዲ ከ1,000 ኦም ሬዚስተርና ከአንድ ዳዮድ ጋር በየዱልን፤ ሞባይል ከሚጠግኑ ወንድሞቻችን አንዱ ብየዳውን በነጻ ሠራልን። ከ10 ሚሊ አምፔር የሚበልጥ አይበላም። ባቡሯ ወደ ኋላ እንድትሄድ የሚደረገው የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በመገልበጥ ስለ ሆነ፣ ኤል ኢ ዲና ዳዮድ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፉ ስለ ሆኑ፣ ወደ ፊት ስትሄድ የፊቱ፣ ወደ ኋላ ስትሄድ የኋላው መብራት በራሱ ይበራል። የፊዚክስ መምህራችን ይህን ባዩ ጊዜ ለ10ኛ ክፍል ትምህርት እንዲሆናቸው ባቡሯን ለአንድ ሳምንት ተውሰዋታል።

ሁለተኛው ፍጥነቷ ነው። ኤል ኤም 317 የተባለውን የቮልት ማስተካከያ ከአንድ መዞሪያ ጋር ስላገናኘን ቀስ ብላ ትነሣለች፤ ቀስ ብላም ትቆማለች። በውጭ አገር ከዚህ የላቀ፣ በሐዲዱ ውስጥ ትእዛዝ በቁጥር እየላከ ብዙ ባቡሮችን ለየብቻ የሚያዝ ዘዴ አለ። አንድ ባቡር ብቻ ላለው ሰው ግን ብዙም አያስፈልግም።

ሦስተኛውን በጣም እንወደዋለን፤ ምክንያቱም የደብረ ታቦርን ነገር የሚመለከት ነው። ከወረታ ወደዚህ የመጣ ሁሉ ዳገቱን ያውቃል። ባቡር ደግሞ የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ስለ ሆነ ዳገት አይወድም። ሐዲዱን በሳንቃ ላይ አድርገን በ1 ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስናደርገው፣ በሜዳ ስድስቱን ፉርጎ የምትጎትተው ባቡር ሁለት ብቻ ይዛ ወጣች። ሞተሩ ጉልበት አንሶት አልነበረም፤ መንኰራኵሮቿ እየተንሸራተቱ ነበር። የምትነዳው በኋለኛው እግሯ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በላይ 40 ግራም እርሳስ ጫንባት፤ ይህም የመኪና ጎማ ሚዛን ከሚያስተካክሉበት ቤት የተገኘ ነው። ሦስት ፉርጎ ወጣች። 60 ግራም ስናደርገው ደግሞ መንሸራተቷን ትታ ቀጥ ብላ መቆም ጀመረች፤ ሞተሩም ጋለ። ስለዚህ ወደ 40 መለስነው። የባቡር ክብደት የሚለካው መንኰራኵሩ ሞተሩ ከመታነቁ በፊት እንዲንሸራተት ሆኖ ነው። ወደፊት በዚህ ደጋ ሐዲድ የሚዘረጋ መሐንዲስ ከእናንተ መካከል ቢወጣ፣ ይህ ነገር በ87 ተባዝቶ ይጠብቀዋል።

በመጨረሻ ስለ ሌላው ባቡር አንድ ነገር እንጨምር። ከመካከላችን የአንዱ አባት የእህል ወፍጮ አላቸው። በቅርቡ ወፍጮው ቆሞ መካኒክ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ድረስ ብዙ ቀን ጠበቀ። እህል ያመጡ ሰዎች አህያቸውን እንደ ጫኑ ይመለሱ ነበር። እኒህ አባት ሥራችንን እስከዚያ ቀን አሻንጉሊት ነው ይሉ ነበር። መካኒኩ በመጣ ቀን ግን አራታችንንም አስጠሩና «የትንሿን ባቡር አድናችኋል አሉ፤ እንግዲህ ይህችን ሲያድኗት ቆማችሁ እዩ» አሉን። መካኒኩንም «አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ አትሥራ፤ እየነገርህ ሥራ» አሉት። እርሱም ነገረን። የተበላሸው ኩሽኔታው ነበር። መካኒኩ የረዥም ካቻቢቴ ጫፍ በሞተሩ ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ እንዴት እንደሚያዳምጠው አሳየን። ደኅናው ኩሽኔታ እንደ ንብ ይላል፤ የተበላው ደግሞ ጠጠር እንደሚያኝክ ሰው ነው። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየሄድን እናዳምጠዋለን፤ የሰማነውንም በደብተር እንጽፋለን። ጠጠር ማኘክ ሲጀምር ወፍጮው ሳይቆም ዕቃው አስቀድሞ እንዲታዘዝ ነው። አባታችን ለደብተሩ የከፈሉት ራሳቸው ናቸው።

ትንሿ ባቡር ከዚህ ንግግር በኋላ በሳይንስ ክፍል ውስጥ ትሄዳለች። ሕፃናትን የያዛችሁ ወላጆች ሐዲዱን እንዳይረግጡት ብትጠብቁልን እናመሰግናለን። በየቤታችሁ የቆመ ሰዓት፣ የማይናገር ሬዲዮ፣ የተበላሸ የእጅ ድሪል ቢኖር አትጣሉት፤ በተለይ ካርቦኑ ያላለቀ ድሪል በጣም እንፈልጋለን። ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎችም ሁለት ሰዎች እስከ ሰኔ ድረስ አብረውን ይሥሩ፤ እኛ ከሄድን በኋላ ባቡሯንና የወፍጮውን ደብተር የሚረከቡ እነርሱ ናቸው። ስማችሁን በበሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ጻፉልን።